ማንቆርቆሪያው እስኪበርድ

ሻሮ አፍንጫዋን በጄሪካኑ አፍ ላይ ደፍታ ሳበች። ምንም የለም። ፊቷን አዘንብላ በሌላኛው የአፍንጫዋ ቀዳዳ ሳበች። ግንባሯን ጠዘጠዛት እንጂ ሽታ የሚባል ነገር አልመጣም።

«እትዬ ሻሮ፣ ሃራካ በይ እንጂ! ፀሐዩ ሳይከር ኡራን መመለስ አለብኝ» አለ ጉራቻ። የግመል ወተቱን በሞተር ብስክሌት የሚያመጣላት እሱ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይጠብቃታል።

«ቁም አንተ! ወተት በጥድፊያ አይሸተትም።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል? ጉንፋን ነው?»

«አቧራ ነው። ያንተው ሞተር አቧራ» አለችና ሦስተኛውን ጄሪካን ከፈተች።

አቧራ ነው ብላ ተገላገለች እንጂ አፍንጫዋ ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሌሊቱን በአፏ ስትተነፍስ ታድራለች፤ ጠዋት ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ጭንቅላቷ ድንጋይ የተጫነበት ይመስል ከብዷት ትነሳለች። ቢቻላት ዛሬ ከአልጋዋ ባልወረደች ነበር። ግን ወተት አልጋ ላይ ሆነው የሚቀበሉት ነገር አይደለም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኡራንና ከጎዶማ የሚመጣ ወተት እያሸተተች ተቀብላለች። ጥሩ ወተት ጄሪካኑ የታጠነበትን ጭስ ይሸታል። ሊበላሽ የተዘጋጀው ግን ከጭሱ ሥር ስስ የሆነች፣ የእርጥብ ቆዳ የምትመስል ሽታ ይደብቃል። ምላስ ይህችን አያውቃትም፤ ምላስ ሲያውቃት ወተቱ ሄዷል። አንድ የተበላሸ ጄሪካን ትልቁ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከተገለበጠ ደግሞ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በኬንያው ሞያሌ ወተት ሻጮች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ያሸተተ ይጠየቃል። ሻሮ «ሳዋ»፣ ደህና ነው፣ ካለች በኋላ ወተቱ የራሷ ነው፤ ባለግመሉን መውቀስ፣ ባለሞተሩን መስደብ የለም። በገበያው «ባለአፍንጫዋ» የሚሏት በዚህ ነው። ስሙን ትወደዋለች፤ አትወደውም ማለት ውሸት ይሆናል።

አራተኛው ጄሪካን ላይ ስትደርስ ማጥሊያ ጨርቁን የያዘው የናስራ እጅ ቆም አለ። ናስራ የልጇ የሶራ ሚስት ናት፤ ከኦዳ አግብቷት ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ሶራ ኢሲዮሎ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ስለሚሠራ ቤቱ የሚውለው ለሁለቱ ሴቶች ነው።

«እማዬ፣ ይሄኛው...»

«ይሄኛው ምን?»

«እንጃ። አንዴ ደግመው ቢያሸቱት።»

ሻሮ ደግማ ሳበች። ያው ነው፤ ግድግዳ እንደማሽተት።

«አንቺ ማጥሊያሽን ያዢ። ማሽተቱን ለባለቤቱ ተዪ» አለቻትና ወደ ጉራቻ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አምስቱም ሳዋ ነው! ከሰዓት አስር ሰዓት ላይ ስድስት ጄሪካን፣ እንዳትረሳ። ስልሳ ሊትር።»

«የረምዚያ ሠርግ አይደል? በምን አንጎሌ እረሳለሁ!» አለና አቧራውን አልብሷት ሄደ።

አቧራው ገና ሳይቀመጥ ራሷ ረምዚያ ብቅ አለች። ረምዚያ ከድንበሩ ወዲያ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ሻይ ቤት አላት። ሻሮ በየቀኑ ከምታከፋፍለው ወተት ግማሹን የምትወስደው እሷ ናት። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ ሻሮ በንግድ የለመደችው አማርኛ ሲያጥራት ስዋሂሊም ኦሮምኛም ትቀላቅልበታለች፣ ረምዚያም ለምዳዋለች።

«ሻሮዬ፣ ደህና አደርሽ? ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እንቅልፍ ነው።»

«እኔም ብትይ እንቅልፍ የለኝም። ሠርግ ያለበት ቤት ምን እንቅልፍ አለው!» ረምዚያ የበሩን መቃን ተደግፋ ጫማዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ አራገፈች። «ስሚኝ፣ የሐሙሱን ትቼዋለሁ።»

ሻሮ መሬት መሬቱን አየች። ሐሙስ ዕለት በረምዚያ ሻይ ቤት የጠዋቱ ወተት ድስት ላይ እንዳለ ተቆራርጦ፣ ደንበኛ ሁሉ ሻዩን ትቶ ወጥቷል።

«ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ» ቀጠለች ረምዚያ። «ዛሬ ግን የእህቴ ልጅ ኒካህ ነው። የሙሽራው ወገኖች ከነጌሌ ነው የመጡት። ወተት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የቀረበላቸው ተበላሽቶ ቢያገኙት መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ! በሞቴ፣ የዛሬውን ራስሽ አሽትቺው። ለማንም እንዳትሰጪ። ያንቺ አፍንጫ ካለበት እኔ አላስብም።»

«አፍንጫዬ ተዘግቷል» የሚለው ቃል ሻሮ ጉሮሮ ድረስ መጣ። እዚያው ቆመ።

«ሳዋ» አለች። «ራሴ አሸተዋለሁ።»

እንግዲህ ጥፋት ይሉሃል ይሄ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሻሮ ይህን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርታዋለች! ረምዚያ ጉንጯን ስማት ወደ ድንበሩ ስትመለስ ሻሮ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይህችን ሴት ካጣች ሌላውም ደንበኛ እንደሚከተል ታውቃለች። በገበያ ውስጥ ወሬ ከወተት በፊት ይደርሳል።

ስምንት ሰዓት ላይ የአፍንጫ ማጠቢያ ጠርሙሷን በዘንቢሏ ይዛ ወደ ዴኒስ ክሊኒክ ሄደች። ዴኒስ ከሜሩ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ ሥራ ይበዛበታል፣ ጨዋታም ያውቃል። በስዋሂሊ ነው የሚያወሩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ለዚሁ አፍንጫዋ የሚጨመቅ የፕላስቲክ ጠርሙስና በልክ የተመጠነ ጨው ያለባቸው ሃያ ፓኬቶች ሰጥቷት ነበር።

«ማማ ሻሮ፣ ተሻለሽ?»

«ምን ይሻለኛል! ያንተ መታጠቢያ ይባስ አቃጠለኝ።»

«ማቃጠል የለበትም እኮ። ከፓኬቱ ስንት ቀረሽ?»

«አስራ ዘጠኝ።»

ዴኒስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ?»

«በመጀመሪያው ቀን በአንዱ ታጠብኩ። የቀረውን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት። መድኃኒት ይባክናል እንዴ?»

«ታዲያ በምን ስትታጠቢ ከረምሽ?»

«በቦርሆሉ፣ በጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ነዋ! ጨው ያለው ውሃ አይደል ያልከኝ? የእኛ ሰፈር ቦርሆል ከብት እንኳ እያቅለሸለሸው የሚጠጣው ጨው ነው። ፈጣሪ ራሱ ጨምሮበት ከምድር ካወጣልኝ ያንተን ፓኬት ለምን እፈጃለሁ?»

ዴኒስ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«አፍልተሽው ነው?»

«ለምን አፈላዋለሁ? ኩልል ያለ ውሃ ነው። ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ አፍንጫዬን የማጥበው በሱ ነው። ስንት ዓመቴ! ምን ሆንኩ?»

«ማማ፣ ውዱእሽ የአፍንጫሽን በር ነው የሚነካው። ይሄ ጠርሙስ ግን ውሃውን ከግንባርሽ ሥር ድረስ ይገፋዋል። ባልፈላ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ ነገር አለ፤ ብትጠጪው ሆድሽ ይፈጨዋል፣ አፍንጫ ውስጥ ግን የሚፈጨው የለም። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ሰው ይገድላል። አልቀልድም። የቦርሆሉን ጨው ደግሞ ምን እንደሆነ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው ያቃጠለሽ።»

ዴኒስ ጠርሙሱን ከዘንቢሏ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ታቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ማጠቢያው ሥር... እንዲሁ፣ ውሃው እያለበት።»

«የወተት ጄሪካንሽንስ እንዲህ ነው የምታሳድሪው?»

ከዚህ የበለጠ ሊያሳፍራት አይችልም ነበር። ጄሪካን ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ተደፍቶ ነው የሚያድረው። ለዚህ ከተማ ሴቶች ይህን ያስተማረችው እሷ አይደለችም እንዴ! ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ዴኒስ አሮጌውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ አዲስ አወጣላት። «እንደ ጄሪካንሽ ያዢው። በታጠብሽበት ቁጥር እጠቢው፣ ድፊው፣ ይድረቅ። ለሌላ ሰው አታውሺ። ውሃውን ሲንተከተክ ሦስት ደቂቃ ተዪው፣ ከዚያ እንደተከደነ ለብ እስኪል ጠብቂ። ለአንድ ጠርሙስ አንድ ፓኬት። ጎንበስ ብለሽ፣ በአፍሽ እየተነፈስሽ። እና አደራ፣ ቸኩለሽ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳታበርጂው፤ ያፈላሽበት ድካም ሁሉ ከንቱ ነው የሚሆነው። ይሄን የሚረጭ መድኃኒት ደግሞ ከታጠብሽ በኋላ በሁለቱም ቀዳዳ አንድ አንድ ጊዜ ትረጪዋለሽ።»

«እስከ አስር ሰዓት ይከፈትልኛል?»

«የዛሬ አስር ሰዓት?» ዴኒስ ሳቀ። «አፍንጫ ማህተም የምመታበት ወረቀት አይደለም፣ ማማ። ሳምንት ስጪው። ትኩሳት ከመጣብሽ ወይ ዓይንሽ ዙሪያ ካበጠ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።»

«ሳምንት የለኝም።»

«እሱን ከየት አምጥቼ ልስጥሽ? ፖሌ፣ አይዞሽ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። ከብት የጫነ ሎሪ አልፏት አቧራውን ነሰነሰባት። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንዲሉ እንባዋ ሳታለቅስ ይወርዳል፤ በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ጠርጋ ሰለቻት፣ ተወችው። ወይኔ ድካም! ሁለት ጊዜ ከሰው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ነው ቤቷ የደረሰችው።

መብራት ጠፍቷል። ናስራ ከሰል አቀጣጥላ ነበር። ሻሮ ሻሿን እንኳ ሳታወልቅ በአህያ ጋሪ ከመጣው ውሃ ማንቆርቆሪያውን ሞላችና ጣደችው። ሲንተከተክ በስልኳ ሰዓት እያየች ሦስቱን ደቂቃ ጠበቀች፣ ከዚያ አውርዳ እንደተከደነ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አዲሱ ጠርሙስ ታጥቦ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቷል።

«እማዬ» አለች ናስራ። «አንድ ነገር ባሳይዎ ይቆጡኛል?»

«ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል። ምንድን ነው?»

ናስራ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጄሪካን ጎተተች። ሻሮ ክዳኑ ላይ የታሰረውን ቀይ ክር አየችና አወቀችው። የጠዋቱ አራተኛ ነው።

«ይሄ አልተሸጠም እንዴ?»

«ከሌላው ጋር አልቀላቀልኩትም።»

«እኔ ሳዋ ብዬ?»

ናስራ አንድ ኩባያ በትንሿ ድስት ቀድታ ፍሙ ላይ ጣደችው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ገና ሳይፈላ ዳር ዳሩ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ወዲያውኑ ውሃው ለብቻ፣ ፍርፋሪው ለብቻ ሆነ።

ሻሮ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማት ኀፍረት አይደለም፤ ቅናት ነው። የትናንት ልጅ! ከዚያ ነው ኀፍረቱ የመጣው፣ ሲመጣም ጆሮዋ ድረስ አጋላት።

«ጠዋት ሸትቶሻል ማለት ነው?»

«ሸትቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ እንዴ እማዬ? ተናገርኩ እኮ።»

ስልኳ ጮኸ። ጉራቻ ነው። «እትዬ ሻሮ፣ ኦዳን አለፍኩ! አስር ደቂቃ! ስድስቱንም ይዣለሁ፣ ተዘጋጂ!»

ሻሮ ማንቆርቆሪያውን ነካችው። ያቃጥላል። በዚህ ሙቀት ከተማ ውስጥ የፈላ ውሃ መቼ ይበርዳል! አስር ደቂቃ። አሁን ብትታጠብ፣ ምናልባት አንደኛው ቀዳዳ እንኳ ትንሽ ቢከፈት፣ ስድስት ጄሪካን ለማሽተት ምን ያህል ይበቃል? ዴኒስ ምን ያውቃል? እሱ ወተት ሸጦ አያውቅም። ፓኬቱን ቀድዳ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ኩባያ አነሳችና ከጋሪው ውሃ ጄሪካን ቀዳች። ግማሽ ትኩስ፣ ግማሽ ቀዝቃዛ፤ ወዲያው ለብ ይላል። አንድ ኩባያ ብቻ ናት።

ናስራ አየቻት። ጠዋት ተናግራ ያገኘችውን ታውቃለች። ዓይኗን ወደ ድስቱ መለሰች።

ሻሮም ወደ ድስቱ አየች። ሐሙስ ዕለትም አንድ ጄሪካን ብቻ ነበር። ደክሟት፣ ጉራቻ ሃራካ እያለ ሲያጣድፋት፣ «አንዱ ምን ያመጣል» ብላ ያለፈችው እሱን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞስ የፈሰሰው ወተት ከሆነ ይለቀማል እንዴ?

ኩባያውን እጅ መታጠቢያው ሳፋ ውስጥ ደፋችውና አፉን ዘቅዝቃ አስቀመጠችው። ስልኳን አነሳች።

«ረምዚያ፣ ሻሮ ነኝ።»

«ወተቱ ደረሰ?»

«ሊደርስ ነው። ስሚኝማ... አፍንጫዬ ተዘግቷል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ምንም አይሸተኝም።»

ከወዲያ የሴቶች እልልታ ይሰማል።

«ሐሙስም?»

«ሐሙስም።»

«ያ አላህ! ጠዋት ፊት ለፊቴ ቆመሽ ለምን አልነገርሽኝም ሻሮ?»

«አፍሬ።»

«አሁንስ? እንግዶቹ ተቀምጠዋል እኮ! አሁን ነው የሚነገረኝ?»

«ናስራ ታሸተዋለች። የሶራ ሚስት። ጠዋት እኔ ሳዋ ብዬ ያሳለፍኩትን እሷ ይዛዋለች። እዚሁ ፊቴ ላይ ተቆራርጧል።»

«እሺ» አለች ረምዚያ፣ ቅዝቅዝ ባለ ድምፅ። «ልጅቷ ታሽትት። ግን እኔም መጥቼ ከእያንዳንዱ ጄሪካን ትንሽ ትንሽ አፈላለሁ። ዛሬ በሰው ቃል አልወስድም።»

«ነይ። ከሰሉ አልጠፋም።»

ስልኩን ዘጋችና ናስራን ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማለች።

«እኔ ነኝ የማሸተው?»

«ሌላ ማን አለ? ክዳኑን እንደከፈትሽ አትሳቢ፣ መጀመሪያ ጭሱ ይውጣ። ከዚያ አፍሽን ገጥመሽ ቀስ ብለሽ። በሦስተኛው ላይ አፍንጫሽ ይደክማል፤ ወጣ ብለሽ አየር ውሰጂ። ጉራቻ ያጣድፍሻል፣ አትስሚው።»

«ብሳሳትስ?»

«ያሸተተ ይጠየቃል» አለች ሻሮ። ከዚያ የልጅቷን ፊት አይታ ጨመረች፤ «ዛሬ ግን ሁለታችንም ነን የምንጠየቀው። ሂጂ።»

የሞተሩ ድምፅ በሩ ላይ ደረሰ። ሻሮ ከርጩማዋ አልተነሳችም። ክዳን ሲከፈት ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ናስራ አየር ስትወስድ ነው። እግሯ እንድትነሳ አስሬ ጠየቃት፤ እምቢ አለችው።

«እትዬ ሻሮ የት አለች?» ይላል ጉራቻ። «አንቺን ደግሞ ማን አሽትቺ አለሽ?»

«አምስተኛውን መልሰው» አለች ናስራ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ምን? ስድስት ነው የታዘዘው! አምስት ይዛችሁ ሠርግ ቤት ልትሄዱ ነው? ኧረ እትዬ ሻሮ! ነይ አንዴ አንቺ አሽትቺው፣ በናትሽ!»

ሻሮ በተዘጋ አፍንጫዋ፣ በምትችለው ድምፅ ሁሉ ከውስጥ ጮኸች።

«ጉራቻ! መልሰው ካለችህ መልሰው! የዛሬ አሽታች እሷ ናት!»

ውጭ ትንሽ ማጉረምረም ተሰማ፤ ከዚያ ጄሪካን ተመልሶ ሞተሩ ላይ ሲታሰር። ሻሮ ማንቆርቆሪያውን በእጇ ጀርባ ነካችው። ገና ነው። እጇን መለሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች።